የሚኒባሷ ሞተር ውሃ ላይ

«የአውሮፕላን ሞተር ሰጡኝ እንጂ አውሮፕላን ማረፊያ አልሰጡኝም! ቤንዚኑን ከሰማይ ልቅዳው?»

ዱካሞ ነው የሚጮኸው። ወጥ ቤት ውስጥ ሆኖ ነው፣ ግን ግድቡ ላይ የነበሩት ዳክዬዎች ብድግ ብለው ሲበሩ በመስኮት አይቻለሁ። ሚስቱ ኤርጎጌ ሽንኩርት እየከተፈች ነው። ቀና እንኳን አላለችም።

«አትቅዳ አላልኩም» አለችው። «የመኪና ቤንዚን ጨምረህ አቃጠልከው ነው ያልኩት።»

«ሌላ የት አለ? ትንሿ ኤርፖርት ተዘግታለች! ዘበኛው ‹የኮሮና ሌቭል ፎር ነው፣ ሁሉ ዝግ ነው፣ ሂድ› አለኝ። ታዲያ ውሃ ልጨምርበት?»

«ውሃ ይሻል ነበር። ያኔውኑ ይሞትልን ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ተስፋ ሰጥቶን ባልሞተ።»

ዱካሞ የእህቴ ባል ነው። ሆሳዕና ውስጥ አይሱዙ ሲፈታና ሲገጥም ያደገ መካኒክ ነው። ጆበርግ ሲመጣ ግን መካኒክ የፈለገ የለም፤ ያገር ልጅ ሁሉ ስፓዛ ነው የሚሠራው፣ የሰፈር ሱቅ። እሱም ዳቬይተን ውስጥ ሰባት ዓመት ዳቦና ኤርታይም ሸጠ። እዛ ሰፈር ደንበኛ ሱቅ ውስጥ አይገባም። ባለሱቁ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ይቀመጣል፣ በአንዲት ትንሽ ቀዳዳ እጅ ይገባል፣ ዕቃ ይወጣል። ሰዉ ዱካሞን የሚያውቀው ከደረቱ በላይ ብቻ ነው። አንድ ቀን መንገድ ላይ ያገኘችው አንዲት አሮጊት ደንበኛ አፏን ይዛ «ውይ! ለካ እግር አለህ!» ብላዋለች፣ በዙሉኛ።

ባለፈው መስከረም ሱቁ ተዘረፈ። የጣሪያውን ቆርቆሮ ሳይቀር ወሰዱት። ፍርግርጉን ግን አልቻሉትም፤ ራሱ ዱካሞ ነበር የበየደው። ሲያወራ «ሦስት ነገር ተረፈልኝ» ይላል፤ «ፍርግርጉ፣ ሚኒባሷ፣ ኤርጎጌ።» ኤርጎጌ በዚህ ቅደም ተከተል ትናደዳለች። እኔም ተርፌ ነበር፣ እኔን ግን አይቆጥረኝም።

ከዛ ኦም ፍሪክ የሚባል ነጭ ገበሬ አገኘው። ኦም በነሱ ቋንቋ አጎቴ እንደማለት ነው፣ ሽማግሌ ሁሉ እንዲያ ይጠራል። ከቤኖኒ ወዲያ ግድብ አለው፤ በግድቡ ውሃ ካሮትና ጎመን ያጠጣል። ግድቡን እንቦጭ ወረረው። አዎ፣ ያው ጣናን የያዘው እንቦጭ። እዚህ አገር ወረቀት ሳይጠየቅ የገባ እሱ ብቻ ነው። ተራ ጀልባ እንቦጭ ውስጥ አይሄድም፣ ሥሩ ይጠመጠምበትና ያንቀዋል። የኦም ፍሪክ ጀልባ ግን ሌላ ናት። ሆዷ እንደ ትሪ ዝርግ ነው፣ ውሃ ውስጥ የሚገባ ነገር የላትም። ከኋላዋ ከሰው የሚበልጥ የእንጨት ማራገቢያ ቆሟል፤ እሱ አየሩን ወደ ኋላ ሲገፋ እሷ ቅጠሉ ላይ ተንሸራትታ ትሄዳለች። ማራገቢያውን የሚያዞረው ከትንሽ አውሮፕላን የተፈታ ሞተር ነበር።

ውሉ አጭር ነው። በጀልባዋ የፓምፑን አፍ ከእንቦጭ የሚጠርግ ሰው፣ ግድቡ ዳር ያለችው ባለሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ይኖራል። ካልጠረገ አይኖርም። ኤርጎጌ ደግሞ የሰባት ወር እርጉዝ ናት፣ ግንቦት ነው፤ እዚህ አገር ግንቦት የብርድ መግቢያ ነው።

ጭቅጭቁ ገና ሳይበርድ በሩ ተንኳኳ። ኦም ፍሪክ ነው፣ ማስኩን አገጩ ላይ አድርጎ። ድምፁ የደረቀ ቆዳ መሬት ላይ ሲጎተት ይመስላል።

«ዱካ-ሙ! ፓምፔ ቅጠል እየጠጣ ነው።»

«አውቃለሁ ኦም ፍሪክ። ሞተሩ ነው፣ ፒስተኑ…»

«ዓርብ። ፀሐይ ሳትጠልቅ። ካልሆነ ቅዳሜ ኤክስካቫተር ያለው ሰው ይመጣል። ሦስት ልጆች አሉት፣ ቤቱን ይፈልገዋል።» ከዛ የኤርጎጌን ሆድ አየና መሬት መሬት ማየት ጀመረ። «እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ካሮቱ ነው የሚቸኩለው።»

ሄደ። ቀኑ ማክሰኞ ነው። የሞተሩ መለዋወጫ የሚመጣው ከውጭ ነው፣ አውሮፕላን ደግሞ ቆሟል። ዱካሞ በመስኮት ወደ ውጭ አየ።

«ዓይንህን መልስ» አለች ኤርጎጌ።

«ምን አደረግሁ?»

«ሚኒባሷን እንደሚታረድ በግ እያየሃት ነው።»

«ሞተሯ ደህና ነው እኮ።»

«ደህና ስለሆነ ነው የምታርዳት? ምጥ ሲመጣብኝ በምን ልትወስደኝ ነው? በማራገቢያ?»

ዱካሞ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ እጁን ጭንቅላቱ ላይ አደረገ። ኤርጎጌ ሽንኩርቱን ጨረሰች፣ ቢላዋውን አጠበች፣ ከመደርደሪያው ላይ የሚኒባሷን ቁልፍ አነሳችና ወረወረችለት።

«ቤት ከሌለን ሚኒባሷ ውስጥ ነው የምወልደው» አለች። «ለመውለጃማ ሞተር አያስፈልጋትም። ውሰደው።»

ሮብ ጠዋት ባሕር ዛፉ ቅርንጫፍ ላይ ሰንሰለት አስረን ሞተሩን አወጣነው። ሚኒባሷ አፏን ከፍታ ቀረች።

ዱካሞ ሲያስረዳኝ እንዲህ አለ፤ «የአውሮፕላን ሞተር ሽማግሌ ነው፣ ቀስ ብሎ እየዞረ ጉልበት አለው። ማራገቢያው በቀጥታ እሱ ላይ ይታሰራል። የመኪና ሞተር ግን ጎረምሳ ነው፣ ካልጮኸ ጉልበት የለውም። እሱ ላይ በቀጥታ ብታስረው እንጨቱ ከፍጥነቱ የተነሳ ይበታተናል። መሃል ላይ አስታራቂ ያስፈልጋል።» አስታራቂውን ከኦም ፍሪክ ቁርጥራጭ ክምር ውስጥ አገኘው፣ ከድሮ የበቆሎ ወፍጮ ላይ። ከሁለቱ ፑሊዎች፣ ቺንጋ ከሚጠመጠምባቸው ክብ ብረቶች፣ ትንሹን ሞተሩ ላይ፣ ትልቁን ማራገቢያው ላይ ገጠመና በቺንጋው፣ በጎማ ቀበቶው፣ አገናኛቸው። ሞተሩ ሁለት ጊዜ ሲዞር ማራገቢያው አንድ ጊዜ። እኔ ከሰባተኛ ክፍል ስለወጣሁ አልተከራከርኩም።

ሽማግሌው በንፋስ ነበር የሚቀዘቅዘው፤ ጎረምሳው ውሃ ይፈልጋል። ስለዚህ ራዲያተሩም አብሮ ወጣ፣ ጀልባዋ ላይ ተጫነ። ክብደቱ ሁሉ ከኋላ ሆነ። ዱካሞ ይሄን አይቷል፣ ግን ሐሙስ ሆኗል፣ ከእንጀራው ሁለት ጉርሻ በልቶ ተነስቷል።

የቀረው የማራገቢያው መከለያ ነበር፤ ሰው እጁን እንዳይሰጠው። የድሮው መከለያ ከአውሮፕላን ሞተሩ ማቀፊያ ጋር የተበየደ ስለነበር አብሮ ተቆርጧል። ዱካሞ ከቤቱ ጀርባ የሱቁን ፍርግርግ እየጎተተ መጣ።

ኤርጎጌ በር ላይ ቆማ አየችው። «ይሄ ምንድን ነው?»

«መከለያ።»

«ጣት አያስገባም እኮ!»

«ለዛ እኮ ነው።»

«ውሃ መሃል ማን ሊዘርፍህ ነው፣ ዱካሞ? ዳክዬ?»

«አንቺ ሰው አታውቂም።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። አልሳቀም። ለሁለት ከፍሎ ከማራገቢያው ፊትም ኋላም በየደው፤ ጥጋጥጉን በላሜራ ደፈነው፣ ልክ ሱቁን እንዳደረገው። የቁልፍ ማንጠልጠያዋን እንኳን አልቆረጣትም።

ዓርብ ስምንት ሰዓት ላይ ጀልባዋን ገፍተን አስገባናት። ኦም ፍሪክ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ያያል። ዱካሞ «በኢየሱስ ስም» አለና ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ተነሳ! ማራገቢያው ዞረ፣ ምድር ተናወጠች፣ ኤርጎጌ እልል ልትል አፏን ከፈተች።

ጀልባዋ ንቅንቅ አላለችም።

ዱካሞ ነዳጅ ሰጠ። ጩኸቱ ጨመረ፣ ጀልባዋ ግን እንደታሰረች በሬ ቆማ ተንቀጠቀጠች። ማራገቢያው አየር በሚስብበት በኩል ብረት፣ በሚተፋበት በኩል ብረት። ደግሞ ሰጠ። ኋላዋ ሰመጠ፣ ውሃ በጠርዙ ገባ፣ የዱካሞ ጫማ ተንሳፈፈ። አጠፋው። መሪው ላይ ግንባሩን ደፋ። ትከሻው ሲርገበገብ አይቼ ፊቴን አዞርኩ። ኦም ፍሪክ ሰዓቱን አየ።

«ሱቅ ነው የሠራኸው!» ኤርጎጌ ከዳር ጮኸች። «ጀልባ ላይ ሱቅ ከፍተሃል፣ አንተ ሰውዬ! የሚገባው ሌባ አይደለም፣ ንፋስ ነው! ቁረጠው!»

«አልቆርጥም!»

«ቁረጠው አልኩህ!»

«ከሰባት ዓመት የቀረኝ እሱ ብቻ ነው!»

«እኔስ?»

እሷ እስከ ጉልበቷ ውሃው ውስጥ ገብታለች፣ አንድ እጇ ሆዷ ላይ፣ በሌላው የብረት መጋዝ ይዛለች። ዱካሞ ቀስ ብሎ መጣና መጋዙን ተቀበላት።

አንዱን ብረት ትቶ አንዱን መቁረጥ ጀመረ። ወፍራም ነው፤ ራሱ ነው ያወፈረው። ሁለተኛው ላይ መዳፉ ደማ። ትንሽ ቆይቶ ኦም ፍሪክ ከመኪናው ወረደ፣ ሌላ መጋዝ አምጥቶ ለእኔ ሰጠኝ። ካሮቱ ነዋ! ላሜራውን ነቀልነው። ባትሪውን ወደ ፊት ወሰድነው፣ ሦስት ጆንያ አሸዋ ከፊት ጫንን፣ እኔም አፍንጫዋ ላይ ተቀመጥኩ።

አስር ሰዓት ላይ እንደገና አስነሳው። አሁን ነፋሱ ከኋላችን ያለውን ሣር መሬት ላይ አስተኛው። ጀልባዋ አቃሰተች፣ ተንሸራተተች፣ ቅጠሉ ላይ ወጣች፣ ሄደች! ከኋላችን ያሰርነው ባለጥርስ ብረት እንቦጩን እንደ ምንጣፍ ጠቅልሎ ይጎትታል። እየጎተትን ዳር እናወጣለን፣ እንመለሳለን። ፀሐይዋ ግን አትጠብቅም። በአራተኛው ዙር የሙቀቱ መርፌ ቀዩን ነካ። የመኪና ራዲያተር መንገድ ላይ በሚያገኘው ንፋስ ነው የሚቀዘቅዘው፤ እኛ እንደ ኤሊ ነው የምንሄደው። ዱካሞ መርፌውን አየ፣ ፀሐይዋን አየ። ማስኩን ከፊቱ አወለቀና ቆጣሪው ላይ አንጠለጠለው።

«ጋሼ፣ ምን እያደረግክ ነው?»

«እንዳላየው። ወደ ፊት እይ፣ አንተ በቀቀን!»

በስድስተኛው ዙር የፓምፑ አፍ ተከፈተ። ፓምፑ ሳለ፣ አረፋ ተፋ፣ ከዛ ንጹሕ ውሃ ይጠጣ ጀመር። እዛው ደቂቃ ላይ ሞተራችን ቸስስስ አለ፣ ቀጥሎ አንድ ቋ የሚል ድምፅ፣ ቀጥሎ እንፋሎት። ማራገቢያው ቀጥ ብሎ ቆመ። በረጅም እንጨት እየገፋን ዳር ደረስን።

ኦም ፍሪክ ፓምፑን አዳመጠ፣ ራሱን ነቀነቀ። «ጥሩ። ቤቱ የናንተ ነው» አለ። ከዛ ገና ያልተነካውን አረንጓዴ እያየ «ይመለሳል። በሚቀጥለው ዓርብ ደግሞ ትጠርጋለህ።»

ያኔ ነው ባልና ሚስቱ ጭቅጭቁን እንደገና የጀመሩት።

«ሞቆ ነው እንጂ አልሞተም» አለ ዱካሞ። «ሲበርድ ይነሳል።»

«ሞቷል። ድምፁን ሰምቻለሁ።»

«መካኒኩ እኔ ነኝ፣ አንቺ ነሽ?»

«እንወራረድ።»

«አማኝ አይወራረድም።»

«እንግዲያው እንስማማ በለው። ከተነሳ እዚሁ እወልዳለሁ፣ ሁለተኛ አልናገርህም። ካልተነሳ ሰኞ ለሱፊያን ትደውላለህ።»

ሱፊያን ሮዘተንቪል የሚኖር ጅምላ ነጋዴ ነው። ቮስሎሩስ ውስጥ ይሠራበት የነበረው ሰው ትቶት የሸሸ ሱቅ አለው፤ መደርደሪያው አለ፣ ፍርግርጉ ተበይዷል፣ የጎደለው ከውስጥ የሚቀመጥ ሰው ነው። ዱካሞ «እሞታለሁ እንጂ ሁለተኛ በቀዳዳ አልሸጥም» ብሎ ሁለቴ መልሶታል። አሁን ፊቱ አመድ መሰለ። ግን እጁን ዘረጋ፣ ተጨባበጡ።

ቅዳሜ ጠዋት ቁልፉን ይዞ ወጣ፣ ሞተሩ አጠገብ ቆሞ ቆሞ ተመለሰ። «አሁን ቢነካ ይጎዳል፣ ይቆይ» አለ። ከሰዓትም እንደዛው። ኤርጎጌ «ምን ትጠብቃለህ?» ትለዋለች ብዬ ጠበቅኩ። ቁርሱን ነው የሰጠችው፣ ምሳውን ነው የሰጠችው።

ዛሬ እሁድ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስለተዘጋ ፓስተሩን በስልክ ነው የምንሰማው፤ እሁድ ደግሞ ሥራ የለም። ከጸሎቱ በፊት ዱካሞ ወደ ውጭ ወጣ። ሌሊቱን ውርጭ ወርዶ ሣሩ ሁሉ ነጭ ነበር፣ ጀልባዋም፣ ሞተሩም። መዳፉን ብረቱ ላይ አሳረፈ፣ ብዙ ቆየ፣ ተመልሶ ገባ።

«ገና ይሞቃል» አለ።

ኤርጎጌ እጁን ያዘችው። እኔም እጁን ነካሁት፤ ከበረዶ የወጣ ዓሣ ነበር የሚመስለው።

«አዎ» አለች። «ገና ይሞቃል። ነገ እናየዋለን።»