ቀ እንደ ቀንበር

ስልክ ተቋርጦ በከረመበት ጊዜ እኔ ቢቸና፣ ጋሼ የምላቸው አዛውንት ባልደረባዬ ደግሞ ሞጣ ተቀምጠን የአምቡላንስ ጥሪ በሬዲዮ እንቀባበል ነበር። ድምፁ ሻካራ ነው፤ ይቆራረጣል። በመካከላችን ስማቸው በመጀመሪያዋ ፊደል ብቻ የሚለያይ ሁለት ቀበሌዎች አሉ፤ አንዱ በ‹ቀ›፣ ሌላው በ‹ከ› ይጀምራል። በፊት «ቀ እንደ ቀበሮ፣ ከ እንደ ከበሮ» ብለን ሞከርን። በሬዲዮ ቀበሮውም ከበሮውም አንድ ሆኖ ቁጭ አለ! ጋሼ በሳቅ ፈነዱ። ከዚያ «ቀ እንደ ቀንበር፣ ከ እንደ ከሰል» ተባባልን፤ ተሳስተንም አናውቅም።

ኋላ ከከተማ አሠልጣኝ መጣ። ሞጣ ሰብስቦ በሬዲዮ የእንግሊዝኛ ፊደላት የሚለዩባቸውን ቃላት «አልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ» እያለ አስጠናን። ታሪኩንም ነገረን። ድሮ ሌሎች ቃላት ነበሩ፤ በእንግሊዝኛ አፉን ላልፈታ ሰው ስላስቸገሩ፣ በፈረንሳይኛና በስፓኒሽ ተናጋሪዎች አፍም ጭምር ተፈትነው ተለወጡ አለ።

«በአማርኛ ተናጋሪስ ተፈትነዋል?» አልኩት።

«ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ነው እኮ፣ እህቴ።»

«ታዲያ ለ‹ቀ› ምን እንበል?»

«ኪው ነዋ፤ ኬቤክ።»

«ኬቤክማ በአማርኛ ጆሮ ‹ከ› ነው!» አሉ ጋሼ።

«ይለመዳል፣ አባቴ» አላቸው እየሳቀ። ከዚያ ወዲያ በአማርኛ ቃል ፊደል መለየት ተከለከለ።

ክረምት ገባ። የሞጣው አምቡላንስ ተበላሽቶ ስለቆመ የእኛው ለሁለቱም ይሮጣል። አንድ ቀን ሥራ ስገባ ሾፌራችን በመኪናው ሬዲዮ ጠራኝ። ጋሼ ምጥ የጸናባት ሴት እንዳለች በቀጥታ ነግረውት ኖሯል። አለቃቸው አጠገባቸው ስለነበር እንደ ደንቡ «ኬቤክ» ብለውታል። ሾፌሩ ሥልጠናውን አልወሰደም።

«ደርሻለሁ» አለኝ፤ «ግን እዚህ ምጥ የያዛት ሴት የለችም ይሉኛል።»

«የት ነህ? ቀንበር ነው ከሰል?»

«ከሰል!»

ጋሼን ጠየቅኋቸው። «ቀንበር ነው ልጄ፣ ቀንበር!»

«ተመለስ!» ብዬ ጮህኩበት።

መኪናው በዚያ ጭቃ ተመልሶ እስኪደርስ የሰፈሩ ሰው ሴትዮዋን በቃሬዛ ተሸክሞ መንገድ ወጥቶ ነበር። እናትየዋ ተረፈች። ልጇ ሞቶ ተወለደ።

ስብሰባ ተጠራ። ጥፋቱ የሾፌሩ ነው ተባለና ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት። አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ። እኔ ግን ተነሳሁ። «ፈረንጅ ቃሉን ለራሱ አፍ ሲያስተካክል ጥናት፣ እኛ ስናስተካክል ጥፋት ነው?»

«ስሜታዊ አትሁኚ» አለኝ ስብሰባውን የመራው አለቃ፤ ወደሚቀጥለው አጀንዳም ተሻገረ። ስለ ሕፃኑ አንድም ሰው ቃል አልተነፈሰም።

በማግስቱ ጋሼ አለቃቸው እየሰማ «ቀ እንደ ቀንበር» ብለው ጠሩኝ። እኔም እንዲሁ መለስኩላቸው። ማስጠንቀቂያ ለሁለታችንም ደረሰን፤ ቃላችንን ግን አልተውንም። ኋላ ኋላ አለቆቹም መከልከሉ ሰለቻቸው። ሾፌሩ ግን ሥራውን ለቆ ሄደ፤ ይቅርታ የጠየቀውም የለም።

ከወራት በኋላ ያቺ እናት ገበያ ላይ አግኝታኝ መኪናው ለምን እንደዘገየ ጠየቀችኝ። «መንገዱ ነው» ማለት ይቻል ነበር። አላልኩም፤ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ነጠላዋን ወደ አፏ ወስዳ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ።

«ኧረ እናንተ ሰዎች» አለች፣ «በገዛ አፋችሁ ብትነጋገሩ ማን ይገድላችሁ ነበር?»