አጎቴ በፈረንጅ ያዘኑ ዕለት

ሊጠይቁኝ ከሞጣ ወደ ቢቸና የመጡት አጎቴ ምሳ እየበላን ሳለ፣ አንበሳ ድሮ አውሮፓ ውስጥ ይኖር እንደነበርና ሰው እንደጨረሰው ከቴሌቪዥን ሰሙ። «እግዚኦ! ፈረንጅ ለዘር እንኳ አያስተርፍም? እግዜር የፈጠረውን መፍጀት እኮ ነውር ነው!» ብለው የያዙትን ጉርሻ ትሪው ላይ መለሱት።

እኚሁ አዛኝ ሰው አምና ጅብ አህያቸውን ቢበላባቸው፣ በተረፈው ሥጋ ላይ መርዝ ነስንሰው ሜዳ ላይ ተዉት። ጅቡ ዝር አላለም። ጥንብ አንሳዎቹ ግን ድግስ የተጠሩ መስሏቸው ከሰማይ ወረዱ፤ በማግስቱ ሜዳው ሙሉ ሬሳ ሆነ። መንደሩም «ወፍ አይደል?» ብሎ ወደ ሥራው ሄደ። ለእነሱ ጉርሻውን የመለሰ ሰው አላየሁም።

ዘንድሮ ደግሞ በሬያቸው ሞተ። እንደ ወጉ ጎትተው ገደል አፋፍ ላይ ጣሉት። በደጉ ጊዜ ጥንብ አንሳ ተሰብስቦ፣ ሳይመሽ አጥንቱን አንጽቶ ይሄድ ነበር። አሁን የበሬው ሽታ እሑድ እሑድ ከምእመኑ ጋር ያስቀድሳል።

ከምሳ በኋላ ይህንኑ ሽታ ሲያማርሩልኝ፣ እንደማያውቅ ሰው ሆኜ «ጋሼ፣ ጥንብ አንሳዎቹስ የት ሄዱ?» አልኳቸው።

በመስኮት ባዶውን ሰማይ ሽቅብ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ምን አውቄ ልጄ! ይኼው ፈረንጅ ፈጅቷቸው ይሆናላ።»