የቆመ አውቶቡስ ያቆመችው ሹፌር

ታላቅ እህቴን እታለም ነው የምላት። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናት። እኔ እዚያው አውቶቡሶቹ የሚያድሩበት ግቢ አውቶቡስ አጥባለሁ። መጻፍ ብዙም አይሆንልኝም፤ ግን የእሷን ነገር ሰው ለሳቅ ብቻ እያወራው ስለሆነ እንደነበረው ላስቀምጠው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ትኩሳት ያዛት። ትኩሳቱ ሲለቃት፣ ጠዋት ከአልጋዋ ልትነሳ ስትል፣ "ኧረ ቤቱ ዞረ! ያዙኝ!" ብላ ጮኸች። እማዬ ሮጣ ገብታ ግድግዳውን ያዘች። እውነቴን ነው፣ ልጇን ትታ ግድግዳውን።

ሐኪም ቤት የውስጥ ጆሮ ሕመም ነው አሉ። መድኃኒት ወሰደች፣ ያስመልሳት የነበረውም ተዋት፣ ቤቱም አደብ ገዛ። ድኛለሁ ብላ ሥራ ገባች።

መነሻው ላይ ተሳፋሪ ጭና፣ የእጅ ፍሬኑን ይዛ ቆማለች። ከጎኗ ጥሩምባ የምንለው ሹፌር በራሱ አውቶቡስ ቆሟል። ሲያወራ ድምፁ ከክላክሱ ስለሚበልጥ ነው ጥሩምባ ያልነው። እሱ አውቶቡሱን ወደ ፊት ሲያንቀሳቅስ፣ እታለም የራሷ ወደ ኋላ የተንሸራተተ መሰላት። ፍሬኑን በሁለት እግሯ ረግጣ፣ "ያዙ! ወደ ኋላ እየሄድን ነው!" አለች። ተሳፋሪው ተንጫጫ፣ አንዷ ሴትዮ የማታውቀውን ሰውዬ አንገት አነቀች። አውቶቡሱ ግን ንቅንቅም አላለ።

ከዚያ ወዲያ ጥሩምባ ባያት ቁጥር፣ "የቆመውን አቋሚዋ መጣች! ዘወር በሉ፣ አጥሩንም ታቆመዋለች!" ይላል። ኃላፊያችን ግን አልሳቀም። ከመሪው አንስቶ ቲኬት መሸጫ አስቀመጣት።

"ተሻለኝ ስትይ እኔው አጠገብሽ ተቀምጬ አይሻለሁ" አላት። "ካልሆነልሽ ግን እዚሁ ቲኬት ላይ ነሽ።"

እህቴ መሪ ስትይዝ ነው ሰው የምትሆነው። ከዚያች መስኮት ጀርባ ሳያት አንጀቴን በላችው።

ሐኪሞቹ በእንቅስቃሴ የምታክም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋ ላኳት፤ እኔም ክንዷን ይዤ ሄድኩ። ባለሙያዋ ወጣት ናት።

"ሲያዞርዎ የሚዞረው ማነው? እርስዎ ነዎት ወይስ ቤቱ?" አለቻት።

"እኔ ምን አውቄ! ያዞረኛል እንጂ ማን እንደሚያዞረኝ አላየሁትም።"

ልጅቷ ሳቀች። ከዚያ እኔ እንኳን እንዲገባኝ አድርጋ ነገረችን። ጆሮ ለመስማት ብቻ አይደለም፤ ውስጡ ፈሳሽ ያለባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። ራሳችንን ስናዞር ፈሳሹ ይነቃነቅና ለአእምሮ ዞረናል ብሎ ያወራል። ዓይንም ያየውን ያወራል። የእግር መዳፍና መቀመጫም የተሰማቸውን ያወራሉ። አእምሮ ሁሉንም ሰምቶ ነው ቆሜአለሁ ወይም እየሄድኩ ነው የሚለው።

"የእርስዎ አንድ ጆሮ ተዳክሟል። ስለዚህ አእምሮዎ የዓይንዎን ወሬ ብቻ ማመን አበዛ። ዓይን ደግሞ አንዳንዴ ይሳሳታል።"

"በራሴ ላይ ስብሰባ ተቀምጦ ነው በይኛ! ያውም አንዱ ብቻ የሚለፈልፍበት!"

"ልክ ነው። ሌሎቹን እናስናገራቸው።"

የታዘዘችው ሥራ ለማየት ያስቃል። አውራ ጣቷን ፊቷ ትቀስርና ዓይኗን ጥፍሩ ላይ ተክላ ራሷን ግራና ቀኝ ትወዘውዛለች። መጀመሪያ ሰሞን ያስመልሳት ነበር። ፊቷን ታጥባ ተመልሳ ትወዘውዛለች። እማዬ ደግሞ በበሩ ብቅ እያለች "ሻይ ልቅዳልሽ?" ትላለች፤ እታለም ራሷን ትወዘውዛለች። "እንጀራስ?" አሁንም ትወዘውዛለች። እማዬ ዓይኗ እንባ ሞልቶ እኔ ጋ መጣች።

"እህትሽ ሁሉን እምቢ አለችኝ፤ ምን በድያት ነው?"

እታለም ከውስጥ ሰምታ፣ "እማዬ፣ ሻዬን አምጪ! እምቢ ያልኩት ጣቴን ነው!" አለች። ያን ቀን ቤታችን እንደ ድሮው ሳቀ።

ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ትራስ ላይ መቆም ቻለች። ኮሪደሩን ራሷን እያዞረች መሄድ ቻለች። አንድ ጠዋት ኃላፊውን "ልሞከር" አለችው።

ያን ጠዋት የእሷን አውቶቡስ ውስጡን እየወለወልኩ ነበር። ኃላፊው "አንቺም ተሳፋሪ ሁኚ፣ ቁጭ በይ" አለኝ። መወልወያዬን እንዳቀፍኩ ተቀመጥኩ። መነሻው ላይ ደርሰን ቆምን። የእጅ ፍሬኑን ያዘች። ከጎናችን ማን ቢቆም ጥሩ ነው? ጥሩምባ!

ድንገት የሱ አውቶቡስ ወደ ፊት ሄደ። እኛ ወደ ኋላ የምንወርድ መሰለኝና፣ "እታለም፣ ፍሬን!" ብዬ ጮኽኩ። አጠገቧ የተቀመጠው ኃላፊም መያዣ ብረቱን ጨብጦ በቀኝ እግሩ ወለሉን ረገጠ። ፍሬን በሌለበት!

እህቴ ፊት ለፊታችን የቆመውን የመብራት ምሰሶ አየች፣ መቀመጫዋ ላይ ትንሽ ተደላደለች።

"አይዟችሁ" አለች። "እኛ ቆመናል። የሚሄደው እሱ ነው።"

ኃላፊው እግሩን አየና ቀስ ብሎ ሰበሰበው። ከዚያ እስኪያስለው ሳቀ።

"የቆመውን ያቆምኩት ዛሬ እኔ ነኛ! ንጂ በቃ፣ አደባባዩን አዙሪንና ግቢ አስገቢን። ከነገ ጀምሮ መስመርሽ ላይ ነሽ።"

አደባባዩን ዞርን። ጥሩምባ በወዲያ በኩል ሲመጣ እታለም ክላክሷን ለቀቀችበት። ከሱ ድምፅ በለጠ!

ቤት ስንገባ እማዬ በሩ ላይ ናት፤ እጇ ግድግዳውን ይዟል።

"ልጄ፣ አዞረሽ እንዴ?"

"ማንም አላዞረኝም እማዬ። እኔው ነኝ የዞርኩት፣ ያውም ከነአውቶቡሱ!"