እግሯ አይሠራም ያልኩት እኔ ነኝ

የዚያን ቀን ሱዳን፣ ቱነይድባ የስደተኞች ካምፕ፣ ራሽን ማደያው ጥላ ሥር የነበርነው እነዚህ ነን፤ እናቴ፣ ታናሽ ወንድሜ ደሳለኝ፣ ካርድ የሚመዘግበው ሱዳናዊ፣ የእናቴ ጎረቤት ለተብርሃን፣ ጋሪውን የጎተተችው አህያ፣ እኔ። አህያዋን የቆጠርኳት ከእናቴ ሌላ ንጹሕ እሷ ብቻ ስለነበረች ነው።

ያደረግሁትን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬ አላውቅም።

እኔ ገዳሪፍ ሰው ቤት ስሠራ ብዙ ዓመቴ ነው፤ ዐረብኛ አውቃለሁ። እናቴ ግን በአገር ቤቱ ግጭት ጊዜ ከደሳለኝ ጋር ነው ድንበሩን የተሻገረችው። በእግሯ። “አንተ ጎታታ!” እያለች ትቀድመው እንደነበር ራሱ እየሳቀ ነግሮኛል።

አንድ ቀን ጠራኝ። “እታለም፣ ፀሐይ ላይ ተሰልፋ ከምትውል እኔ ወኪል ሆኜ ልቀበልላት። እግሯ አይሠራም በይልኝ። ዐረብኛው ያንቺ ነው።”

የራሱን ራሽን ቤት ሳያደርስ እንደሚሸጥ አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። እምቢ ካልኩት ግን እናቴን አምጥቶ እኔ ላይ ይጥላታል ብዬ ፈራሁ። ከሦስት ልጆቼ ጋር የማድረው አሠሪዬ ግቢ፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ሰው አበዛሽ ብለው ቢያስወጡኝስ? ለልጆቹ የፈራ ሰው እናቱን ይሰጣል? እኔ ሰጠሁ።

ጋሪው ላይ አስቀመጥናት። “እማ፣ እንዳትወርጂ” አልኳት።

“ምነው፣ ሙሽራ አደረጋችሁኝ እኮ!” ብላ ሳቀች።

መዝጋቢው ሰውዬ እግሯ አይሠራም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አይሠራም አልኩ። ልጇ እንዲቀበልላት መፍቀዷን ራሷን ጠይቂያት አለኝ። ወደ እናቴ ዞርኩ።

“እማ፣ ደህና ነሽ ወይ ይልሻል።”

“እግዚአብሔር ይመስገን በይው። እሱስ እናት አለችው?”

“ፈቅዳለች” አልኩት በዐረብኛ። እሱም ጻፈው።

ለተብርሃን ጆሮዬ ሥር፣ “እናትሽ ዛሬ ጠዋት ከኔ ቀድመው ውሃ ወርደው የለ እንዴ?” አለችኝ። ዓይን ዓይኗን አየኋት። ፊቷን ወደ አህያዋ አዞረች።

ከዚያ ደሳለኝ ማሽላውንም ዘይቱንም እዚያው ማደያው በር ላይ ይሸጥ ጀመር። እናቴን ደግሞ፣ “ቆመሽ ካዩሽ ካርዱ ይሰረዛል፣ እኔም እታሰራለሁ” አላት። ለልጇ ብላ ዳሷ ውስጥ ተቀመጠች። ለተብርሃን ናት ከራሷ እየቀነሰች ያበላቻት።

ከሦስት ወር በኋላ ሳሙናና ስኳር ይዤ ሄድኩ። ልትስመኝ ብድግ አለች፤ በሩን አየችና ተመልሳ ተቀመጠች። እግሯ ቀጥኗል።

“ልጄ፣ ያንን ሰውዬ ስለ እግሬ ምን ብለሽው ነው?” አለችኝ።

እኔ ሳሙናውን ከፌስታሉ አወጣሁ። ማደያው መቶ እርምጃ አይርቅም ነበር። ዋሽቻለሁ ብዬ መናገር አቅቶኝ ነው? አላቃተኝም። ካርዱ ተሰርዞ እኔ ላይ ብትወድቅ አሠሪዎቼ ከነልጆቼ ያባርሩኛል ብዬ ሳሙናውን አስቀምጬ ተመለስኩ።

ባለፈው ክረምት ደሳለኝ ካርዷን ኪሱ እንደያዘ ለአረም ሥራ ወደ ፋው ሄደ። በሳምንቱ ለተብርሃን ደወለችልኝ። “እናትሽ የሉም። በጠዋት ዱላቸውን ይዘው ወጡ። ወዴት ነው ብላቸው፣ እግሬን ላፍታታ አሉኝ። አልተመለሱም።”

ባገኘሁት መኪና ተሳፍሬ ማደያው ሄድኩ። ያው ሰውዬ ነው። መዝገቡን ገለጠና፣ “ይህቺ ሴትዮ መራመድ አትችልም። የት ትሄዳለች? ልጇ ወስዷት ይሆናል” አለኝ። ትራመዳለች፣ ዋሽቼህ ነው ማለት ነበረብኝ። ያኔም አላልኩም። ስለዚህ እሷን ፍለጋ የወጣ ሰው የለም።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ይቅር የምትለኝ እሷ ናት። አሁን ግን እናገራለሁ፤ እናቴ ትራመዳለች። ሽባ ሴት አትፈልጉ። ስሟ ይሻረግ ነው። አጭር፣ ጠይም ናት፤ የቀኝ ጆሮዋ ጫፍ የተቀደደ ነው፤ በዱላ ብትሄድም ፈጣን ናት። ወደ ዶካ ወይ ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ያያችኋት ካላችሁ፣ የት እንዳለች ንገሩኝ።