መጀመሪያ የሌላት ሸክላ

አያቴ በግ ሸጠው ከደብረ ብርሃን ሲመለሱ፣ በመንዝ ማንም በስም የማያውቃቸውን የመሲንቆ ተጫዋቾች ሸክላ ፈልገው ያመጡ ነበር። የመጀመሪያዋን በጋቢ ጠቅልለው «ሸክላ ናት፣ ተጠንቀቂላት» ብለው ለእናቴ ሰጧት። እናቴ የድስት ክዳን መስሏት፣ ገበያ ላይ እንደለመደችው ደህንነቷን ለማወቅ በጣቷ አንጓ መታ መታ አደረገቻት። ሸክላዋ ከጠርዟ ተሰነጠቀች፤ የዘፈኑም መጀመሪያ አብሮ ጠፋ።

«ወይኔ አባባ!» ብላ ጮኸች።

«ግድ የለም ልጄ፣ እኔ እጀምርለታለሁ» አሏት።

ከዚያ ወዲህ አያቴ የግራሞፎኑን መርፌ ከማስቀመጣቸው በፊት፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ ስንኝ ያዜማሉ። ከዚያ መርፌውን ስንጥቁ ካበቃበት ላይ ሲያሳርፉት ዘፋኙ ይቀበላቸዋል። የዘፈኑን መጀመሪያ አንድም ቀን ሰምተውት አያውቁም። ስንኛቸው በየጊዜው አዲስ ነው፤ ግን ሁልጊዜ ቤት ይመታል። ሰውየው ሸክላዋ ውስጥ ሆኖ የሚሰማቸው ይመስለኝ ነበር።

አርባቸው በወጣ ማግስት እናቴ ግራሞፎኑን ጠመዘዘች። መርፌውን ስንጥቁ ካበቃበት በላይ ይዛ እኔን አየችኝ። እኔም እሷን አየኋት። ሸክላዋ ዞረች፣ ዞረች፤ ለዘፋኙ የሚጀምርለት ጠፋ።