ለሽርሽር የተሠራው ሳጥን

ኃይለ ጊዮርጊስ ሳጥኑን በእርግጫ ሲለው፣ ጎማዎቹ ተንከባልለው ከአጥሩ ጋር አጋጩት እንጂ ምንም አልሆነም። ይኼ ደግሞ ይባስ አናደደው። የማይሰበር ዕቃ ገዝቶ ኖሯል፤ የማያቀዘቅዝ፣ ግን የማይሰበር።

ሳጥኑ ሰማያዊ አይስ ቦክስ ነው። ክዳኑ ላይ አንድ የፈረንጅ ቤተሰብ ባሕር ዳር አሸዋ ላይ ተቀምጦ ሐብሐብ ይበላል። እናት ትስቃለች፣ ልጆቹ ይስቃሉ፣ አባትየው ከሁሉም በላይ ጥርሱን ገልጦ ይስቃል። ስርጉት በቃሬዛ ተጭና ከቆላ ከወጣችበት ቀን ጀምሮ ኃይለ ጊዮርጊስ ከዚህ ሰውዬ ጋር ተኳርፏል።

ስርጉት ሚስቱ ናት። ስኳር ከያዛት አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ጧትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች። አምና ዓይኗ ሊጠፋ ደርሶ ሲመለስላት፣ ዓባይ በረሃ ውስጥ ካለ የሚካኤል ጠበል ወርዳ አሥራ አራት ቀን ልትጠመቅ ተሳለች። ቢቸና ደጋ ነው፤ መድኃኒቱ ጓዳ ውስጥ ቀዝቃዛ ቦታ ካገኘ አያስቸግርም። ጠበሉ ዘንድ ግን ጥላ ሥር ያለ ድንጋይ እንኳ ይፋጃል። መብራት የለም፤ ጠበልተኛው የሚያድረው በዳስ ነው። ስለዚህ የበረዶ ሳጥን ማስፈለጉ ግልጽ ነበር፤ መምረጡ ደግሞ የኃይለ ጊዮርጊስ ድርሻ ሆነ። ከእሱ የተሻለ ማን ሊመርጥ? ሠላሳ አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሙቀት ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው እንደሚሄድ፣ የሚያዘገየውም በመካከል ያለው ግድግዳ መሆኑን ለስንቱ ትውልድ በጠመኔ ጽፏል።

ቢቸና ገበያ የተገኘው ነጋዴ ጎረምሳ ነው። «መምህር፣ ይኼ እኮ ለሽርሽር የተሠራ ነው!» አለው። «ጎማ አለው፣ እጀታው ይሳባል፣ ሃያ አራት ጠርሙስ ይውጣል። በዚህ ዋጋ እንዲህ ያለ ዕቃ የትም አያገኙም።»

ሃያ አራት የሚለው ቁጥር ጆሮው ውስጥ ገባ። ጎማውን በእጁ አሽከረከረ፣ እጀታውን ሳበ። ግድግዳውን ግን በጣቱ እንኳ አላንኳኳም። በበረዶ የተሞላው ሳጥን ገደሉን በአህያ ጀርባ ወረደ፤ ያ ሁሉ የተደነቀለት ጎማ መንገዱን አንድም ጊዜ አልነካውም።

በስድስተኛው ቀን ሰዎች ስርጉትን ተሸክመው አወጧት። በረዶው ቀልጦ፣ መድኃኒቱ ፈልቶ ከርሟል፤ ስትወጋ የነበረው እንደ ውሃ ነበር። ሆስፒታል በገባች በሦስተኛው ቀን ዓይኗን ገለጠችና የመጀመሪያ ቃሏ፣

«ስምንት ቀን ይቀረኛል» የሚል ሆነ።

«የምኑ?»

«የስለቴ። ስድስቱን ጨርሻለሁ።»

«ሞተሽ ነበር እኮ አንቺ ሴት!»

«አልሞትኩማ። እግሬ ሲጠና እወርዳለሁ፤ ሳጥን ቢኖርም ባይኖርም።»

ኃይለ ጊዮርጊስ አርባ ዓመት ያወቃት ሴት ናት። እንዲህ ባለ ድምፅ የተናገረችውን አንድም ጊዜ ሳትፈጽም ቀርታ አታውቅም። እንግዲህ የቀረው፣ እግሯ ሳይጠና በፊት መድኃኒቱን የሚያቆይ ሳጥን መፈለግ ነው፤ አለዚያ ቀጣዩ ቃሬዛ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ይሆናል።

መጀመሪያ ጎረምሳው ነጋዴ ዘንድ ሄዶ ጮኸበት። ጎረምሳው አልተቆጣም፤ ይልቅ ግራ ገባው። «መምህር፣ እኔ ለሽርሽር ነው ያልኩዎት። ለበሽተኛ መቼ አልኩ?»

እውነቱን ነው። አንጀቱን ያሳረረውም እውነት መሆኑ ነው። ቁጣ የሚከሰስ ሰው ይፈልጋል። ነጋዴው ያለውን ብሏል፤ ሳጥኑም የተሠራው አንድ ከሰዓት በኋላ ሐብሐብ ሊያቀዘቅዝ ነው፤ ሐብሐቡ ቢሞቅ ማንም አይሞትም። የዓለም ግማሹ መጫወቻ ብሎ በሚሠራው ዕቃ ላይ ሌላው ግማሽ ነፍሱን ለምን ይጭናል? ለዚህ ጥያቄ ከሳሽ እንጂ ተከሳሽ አልተገኘም። ተከሳሽ ሲጠፋ ደግሞ፣ ግድግዳውን ያላንኳኳው የፊዚክስ መምህር ብቻውን ቆሞ ቀረ።

ሞጣ ውስጥ ዕቃ የሚያውቅ አንድ ነጋዴ አለ ብለውት ነበርና፣ በማግሥቱ ሰማያዊውን ሳጥን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በሚኒባስ ተነሣ። አጠገቡ የተቀመጠ ወጣት ሥዕሉን አየት አድርጎ፣ «አባት፣ ሽርሽር ነው?» አለው።

«ለቅሶ ነው!»

ወጣቱ እስከ ደብረ ወርቅ ድረስ በመስኮት ወደ ውጭ ሲያይ ሄደ።

ሐጅ ሳሊህ ከአያታቸው ጀምሮ ሞጣ ላይ ሲነግዱ የኖሩ ቤተሰብ ልጅ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከኃይለ ጊዮርጊስ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ነገሩን እስከ መጨረሻው አዳመጡና ሳጥኑን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። እንደ ባዶ ጣሳ ጮኸ። ክዳኑ ላይ ቁራጭ ወረቀት አስገብተው ዘጉና ሳቡት፤ ወረቀቱ ሸርተት ብሎ ወጣ። ከዚያ የስልካቸውን ባትሪ አብርተው ውስጡ ከተቱና ሳጥኑን ወደ ጨለማው መጋዘን ወሰዱት።

«ይምጡ ይዩ፣ መምህር።»

በክዳኑ ዙሪያ ብርሃን እንደ ክር ተዘርግቶ ይታያል።

«ብርሃን የወጣበት፣ ቅዝቃዜም ይወጣበታል» አሉ ሐጅ ሳሊህ።

«አውቃለሁ! እኔ ነኝ ይኼን የማስተምረው!» ብሎ ኃይለ ጊዮርጊስ አምባረቀ። ሐጅ ሳሊህ ከመደርደሪያው ጥግ አንድ ግራጫ ሳጥን አወረዱ። ጎማ የለው፣ ሥዕል የለው፤ አስቀያሚ ነው። ቢበዛ ስድስት ሃይላንድ ውሃ ይይዛል። ሲመታ የታፈነ ድምፅ ሰጠ፤ ክዳኑ ጠርዝ ላይ ማሸጊያ ላስቲክ አለው፤ ወረቀቱ ተቀደደ እንጂ አልወጣም። መጋዘን ሲገባም ብርሃኑ ውስጡ ቀረ።

ዋጋውን ሲሰማ ግን ኃይለ ጊዮርጊስ እንደገና ነደደ። «የዚያን ሩቡን የማይይዝ በእጥፍ ዋጋ?»

«እኔ ቦታ አይደለም የምሸጥልዎት፤ ቀን ነው። ያ አንድ ቀን አይሞላም። ይኼ ሦስት ቀን ያቆይልዎታል፤ ካልተከፈተ።» አሉና ጥቂት አሰቡ። «ለመሆኑ ያኛው በቀን ስንት ጊዜ ነበር የሚከፈት?»

ኃይለ ጊዮርጊስ ይኼን አልጠየቀም። ስልኩን አውጥቶ እዚያው ደወለ።

«ስርጉት! ሳጥኑ በቀን ስንት ጊዜ ነበር የሚከፈተው?»

«ማን ቆጠረው?»

«በግምት!»

«ውሃ ለጠየቀኝ ሁሉ ነዋ። በዚያ ሐሩር ቀዝቃዛ ውሃ ያለው እኔ ዘንድ ብቻ ነበር። መጀመሪያ አንዲት ትኩሳት የያዛት ልጅ ነበረች። ከዚያ እናቷ። ከዚያ ወሬው ተሰማ፤ መነኮሳቱም መጡ።»

«የለም አትዪም?»

«ስለ ሚካኤል ብለው ሲለምኑኝ? ጠበል ቦታ ቆሜ ልዋሽ፣ መምህር?»

«መድኃኒትሽ እኮ ነው ሲፈላ የነበረው!»

«ልጅቷ ድናለች» አለችና ስልኩን ዘጋችበት።

ሱቁ ውስጥ ያሉት ገዢዎች ሁሉ ወደሱ ዞረዋል። «ቁልፍ ያለው ሳጥን አለዎት?» አለ።

«አለኝ። ቁልፉ ግን ባለቤትዎ ዘንድ አይደል የሚሆን?» ሐጅ ሳሊህ ወንበር ሳቡለት። «መምህር፣ ረመዳን ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ቀዝቃዛ ውሃ ይዞ በር ላይ የቆመ ሰው፣ የለኝም ማለት ይችላል? እኔ አልቻልኩም። ባለቤትዎም አይችሉም። ስለዚህ ሳጥኑን ብቻ ቢለውጡ ያው ነው። ሰማያዊውን አይጣሉት፤ እሱን ለሰው ያድርጉት። ቢቀልጥስ? ውሃ ነው፣ ይጠጣል። ግራጫው ለመድኃኒቱ ብቻ። ጧት አንድ፣ ማታ አንድ፤ ሌላ ጊዜ አይነካ። መድኃኒቱን በጨርቅ ይጠቅልሉት፤ በረዶ ከነካውም ይበላሻል ይላሉ።»

ኃይለ ጊዮርጊስ ግራጫውን ሳጥን ወደ ራሱ ሳበው። ነገሩ ከባድ ቢሆን ይሻለው ነበር። እንዲህ ቀላል ሆኖ ሠላሳ አራት ዓመት የተማረውና ያስተማረው ሁሉ ሳይጠቁመው መቅረቱ ነው ያቃጠለው። ሙቀቱን አሰላ፤ የሰውን ጥማት ግን ስሌት ውስጥ አላስገባም።

«ይኼን እኔ ማሰብ ነበረብኝ» አለ በቁጣ።

«አሁን አሰቡት። ልጠቅልልዎት?»

ቤቱ ሲመለስ ግን ማንንም አላመነም። ሠፈር ካለ ሱቅ ፍሪጅ ውስጥ አድረው በረዶ የሆኑ ሃይላንዶች ግራጫው ሳጥን ውስጥ ደረደረና ጠራራ ፀሐይ ላይ አኖረው፤ ሦስት ቀን በቀን ሁለቴ ብቻ እየከፈተ ከድሮ ትምህርት ቤቱ በተረፈ ቴርሞሜትር ለካ። በሦስተኛው ማታ በረዶው ጠርሙሱ ውስጥ ገና ይንኳኳል። ደስ ሊለው ሲገባ፣ «ይኼ መጀመሪያውኑ ቢቸና ቢኖር ምን ነበረበት!» ብሎ በሩን አላተመው።

በዚህ ጊዜ ጉልበቱን እያመመውም ቢሆን አብሯት ወረደ። ስጦታው የሚባል ሞተረኛ በየሦስት ቀኑ በረዶ ገደሉ አፍ ላይ ያደርሳል፤ ከዚያ አህያ ታወርደዋለች። ግራጫው ሳጥን በእርጥብ ጋቢ ተሸፍኖ ዳሱ ውስጥ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ሰማያዊው ደጃፉ ላይ ቆመ፤ አጠገቡ ድንጋይ ላይ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ኩባያ ይዞ፣ ግንባሩን ቋጥሮ።

«አንድ ኩባያ! ክዳኑን ልቀቂ፣ እኔ እከፍታለሁ! ትናንት የጠጣኸው አንተ አይደለህም እንዴ? እንካ!»

አንዲት አዲስ ጠበልተኛ ውሃዋን ተቀብላ ወደ ስርጉት ጠጋ አለች። «እማማ፣ እኒህ ሰውዬ ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው?»

«ቁጣውን ተዪውና ውሃሽን ጠጪ» አለች ስርጉት።

በስምንተኛው ቀን ነጠላዋ እንደራሰ፣ በሁለት እግሯ ከጠበሉ ወጥታ መጣች። ሰማያዊው ሳጥን ላይ ያለው የሰውየው ሣቅ በሰዉ እጅ ብዛት ተፍቆ፣ የቀረው ሐብሐቡ ብቻ ነው።

«ጨረስኩ፣ መምህር» አለች።

«ጧት ተወግተሻል?»

«ተወግቻለሁ።»

«ግራጫውን ዘግተሽዋል?»

«ዘግቻለሁ።»

ኃይለ ጊዮርጊስ ኩባያውን አስቀመጠ፤ ጉልበቱን ይዞ እያጉረመረመ ተነሣና ሊያይ ወደ ዳሱ ገባ።