የአሮጌ ኮምፒውተሮች ማኅበርተኛ

ባለቤቴ ቤታችን ለሚመጣ እንግዳ ኮምፒውተሬን ስታስተዋውቅ «ይኼ ደግሞ የእሱ ጡረተኛ ነው» ትላለች። አልተሳሳተችም። ከአንድ መሥሪያ ቤት ጓሮ፣ ከተጣለ ዕቃ መካከል ለምኜ ያመጣሁት ነው። የስክሪኑ ጀርባ እንደ እንስራ የተነፋ ነው፤ ፊቱ ጥቁር፣ ፊደሉ አረንጓዴ፣ ማውስ የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም። የደብረ ታቦርን ብርድ ከእኔ ይልቅ እሱ ስለሚፈራው፣ ጠዋት ጠዋት እስኪነሣ ድረስ ጋቢዬን ተከናንቤ እጠብቀዋለሁ። ፊዚክስ የማስተምራቸው ተማሪዎች ቢያዩኝ ይስቁብኝ ነበር።

እንዲህ ያለ ማሽን የሚወዱ ሰዎች በየአገሩ ሆነው ማሽኖቻቸውን በመረብ እንደሚያገናኙ ሳውቅ ግን ደስታዬ ወሰን አጣ። ለመግባት የሚጠየቀው ጥቂት ነው፤ ለማሽንህ ስም ታወጣለህ፣ ቁጥር ይሰጥሃል፣ ከዚያ ሌሎቹ ማሽኖች ሲጠሩት «አለሁ» ብሎ ይመልሳል። ኢንተርኔት የሚባለውን ነገር ጡረተኛው ስለማያውቀው ላፕቶፔን አስተርጓሚ አድርጌ መካከል አቆምኩት። የጡረተኛውንም ስም «ጉና» አልኩት። ባለቤቴ የጉና ተራራ ቢሰማ እንደሚቀየመኝ ነገረችኝ።

ጥፋቴ የጀመረው ከዚህ ነው። ማኅበር ገባሁ ብዬ አሰብኩ። የአባላቱን ዝርዝር የሚይዙት በሩቅ ብርድ አገር የሚኖሩ አዛውንት ነበሩ፤ እኔ ግን በሆዴ የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ ሙሴ አድርጌ ሾምኳቸው። ረጅም ደብዳቤ ጻፍኩላቸው። ጤናቸውን፣ ቤተሰባቸውን፣ ክረምቱ እንዴት እንደያዛቸው ጠየቅኩ። በእንግሊዝኛ አንቱ ማለት ስለማይቻል ዓረፍተ ነገሩን በማስረዘም አከበርኳቸው። መልሳቸው ቁጥሬ መመዝገቡን የሚገልጽ አንድ መስመር ነበር።

በዚህ አላበቃሁም። መብራት በጠፋ ቁጥር ጉና ከመረቡ ይወጣል፤ መብራት ሲመጣ ደግሞ እኔ ለአባላቱ በሙሉ የይቅርታ ደብዳቤ እልካለሁ። መብራታችንን የሚያውቅ ሰው ስንት ደብዳቤ እንደጻፍኩ ይገምታል። በመጨረሻ አዛውንቱ መለሱልኝ። «ማሽን ስለጠፋ ይቅርታ የሚጠይቅ የለም። አትጨነቅ፣ ማንም አላስተዋለም።»

ሊያጽናኑኝ ነው የጻፉት። እኔ ግን ክፉኛ ተከፋሁ። በእኛ የሚካኤል ማኅበር አንድ ሰው ከቀረ ጠላው ሳይቀዳ ሙሴው «እገሌን ያየ አለ?» ይላሉ። ዳቦው ሲቆረስ ድርሻው ይቀመጥለታል፤ ጎረቤቱ ወደ ቤቱ ሲመለስ ይዞለት ጎራ ይላል። ታሞም እንደሆነ፣ ተቀይሞም እንደሆነ በዚያው ይታወቃል። ሳይጠየቅ የቀረ ሰው እንዳልነበረ ነው የሚቆጠረው። እና ጨርሼ ብጠፋስ ከእነዚህ ሰዎች አንድ እንኳ ይጠይቀኝ ይሆን? ለባለቤቴ ይህን ስነግራት በሚቀጥለው ወር ዳቦ ጋግራ በኬብሉ እንደምትልክላቸው ቃል ገባችልኝ። ስቃ ስታበቃ ግን ጎኔ ተቀምጣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ።

ከዚያ በከተማችን ኢንተርኔት ተቋረጠ። እንደ መብራት በማግስቱ የሚመለስ አልነበረም፤ ወር በወር ላይ ተደራረበ። ጡረተኛውን አልፎ አልፎ አስነሣዋለሁ፤ ይጣራል፣ የሚመልስለት የለም። የይቅርታ ደብዳቤ ለመጻፍ እንኳ መንገዱ ተዘጋ።

ኢንተርኔቱ የተመለሰ ቀን የሰፈሩ ስልክ ሁሉ ሲንጫጫ ዋለ። እኔ ግን ጉናን አላስነሣሁትም። ስሜ ከዝርዝሩ ወጥቶ ከሆነ ባላውቀው ይሻለኛል ብዬ ነው። ባለቤቴ ስትጠይቀኝ ኬብሉ ጠፋ አልኳት። ኬብሉ ማሽኑ ላይ እንደተሰካ ነበር። እሷም ሄደች፣ ራሷ አበራችው፣ ጋቢዬን አምጥታ ጭኔ ላይ ጣለችልኝና አብራኝ ጠበቀች።

እኔ በሌለሁበት የተላከልኝ ሁሉ በአዛውንቱ ማሽን ተጠራቅሞ ቆይቶ ኖሮ፣ አረንጓዴው ፊደል አንድ በአንድ ይወርድ ጀመር። የመጀመሪያው መልእክታቸው ጉና እንዳልመለሰላቸውና መብራት ይሆናል ብለው እንደገመቱ ይናገራል። ቀጥለው ከተማዬን ካርታ ላይ ፈልገው እንዳገኟት ጻፉ። ከዚያ ሌሎቹ አባላት ስለ እኔ እየጠየቋቸው የሚመልሱት እንዳጡ ጻፉ። እያንዳንዱ ደብዳቤ ካለፈው ይረዝማል፤ ሰውየው በአንድ መስመር መጨረስ ትተዋል። የመጨረሻው ደግሞ እንዲህ ይላል።

«እናንተ ዘንድ የቀረ ሰው እንዴት እንደሚጠየቅ አላውቅም። ቤትህ እንዳልመጣ እርጅናው ይዞኛል። ማሽንህን በየቀኑ ጠዋት እጠራዋለሁ። ሌላ የማደርገው ነገር ካለ እባክህ ንገረኝ።»

ለባለቤቴ ወደ አማርኛ መልሼ አነበብኩላት። እሷም ስክሪኑን አይታ፣ እኔን አይታ፣ ሽማግሌው በሩቅ አገር ሆነው እንዲህ ሲጨነቁ መክረማቸው አንጀቷን በላው።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?» አለችኝ። «ደህና ነኝ በላቸው እንጂ!»